የቆዳ በሽታ የሚለይ ኤአይ በታካሚ ላይ እንዴት ይፈተናል? ለባሕር ዳርና ለጣና ዳርቻ ክሊኒኮች ዝርዝር መመሪያ

ፎቶ አይቶ የቆዳ በሽታ ስም የሚናገር መተግበሪያ ማግኘት ዛሬ ቀላል ነው። መሣሪያው በእኛ ታካሚ ላይ እንደሚሠራ ማረጋገጥ ግን ሌላ ሥራ ነው። ሬዚደንቶች፣ ጤና መኮንኖችና የኮምፒውተር ተማሪዎች ይጀምሩታል፤ ብዙዎቹ መሀል መንገድ ላይ ይቀራሉ። የአንዱን ፕሮፖዛል የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይመልሰዋል። ሌላው ፎቶውን ሁሉ ሰብስቦ ከጨረሰ በኋላ ትክክለኛውን መልስ የሚያሳይ የላብራቶሪ ውጤት እንደሌለው ይገባዋል። የሌላው ደግሞ ሐኪሙ ከመወሰኑ በፊት የኤአይን መልስ ስላየ ዳታው ውኃ በልቶት ይቀራል።

ሦስቱም ችግሮች የዝግጅት ናቸው። ስለዚህ ብዙ የምቆየው ዝግጅቱ ላይ ነው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል፦ መሣሪያው የማንንም ሕክምና ሳይነካ በዝምታ ሳይፈተን ወደ ትልቅ ሙከራ አትግቡ። በዚህ አልደራደርም።

1. ጥያቄውን አጥብቡ

“ኤአይ የቆዳ በሽታን ይለያል ወይ?” የሚል ጥያቄ አይፈተንም። አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የትኛው በሽታ እንደሆነ፣ የት ቦታ እንደምትሠሩ፣ መሣሪያውን ማን እንደሚይዘው፣ ከምን ጋር እንደሚነጻጸርና በምን እንደሚለካ ይናገር። ለምሳሌ፦

“በባሕር ዳር ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ የፊት ቁስል ይዘው በሚመጡ ሰዎች ላይ፣ ነርሷ በስልክ ባነሳችው ፎቶ መሣሪያው ቁንጭርን (ሌሽማኒያ የሚባል ጥገኛ ተሕዋሲ የሚያመጣውን የቆዳ ቁስል) ምን ያህል ይይዛል? ማመሳከሪያው የላብራቶሪና የሁለት ቆዳ ሐኪሞች ውሳኔ ነው።”

ለመጀመሪያ ሥራ አንድ በሽታ ይበቃል። እከክን፣ ጭርትን፣ ችፌን፣ ቋቁቻንና ብጉርን በአንድ ፕሮፖዛል መጠቅለል ያጓጓል። ግን እያንዳንዱ የራሱ ማመሳከሪያና የራሱ የሰው ብዛት ይፈልጋል። ቁንጭርን በምሳሌነት የያዝኩት ደጋው አካባቢ ስላለና በማይክሮስኮፕ የሚታይ መልስ ስላለው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሥጋ ደዌን በፎቶ ብቻ ለመለየት አትነሱ። ሐኪሙ በጥጥ ጫፍ ነካ አድርጎ “ይሰማዎታል?” ብሎ ይጠይቃል፤ ነርቩን በጣቱ ይዳስሳል። ፎቶ መደንዘዝን አያሳይም። ደግሞም በሰውነት ላይ የተሠራጨ ቁንጭር ሥጋ ደዌን ስለሚመስል ማሽኑም ሰውም ሊያምታታው ይችላል።

2. መሣሪያውን ቆልፉ

የምትፈትኑት አንድ የታወቀ ቅጂ መሆን አለበት። የሚከተሉትን በፕሮቶኮሉ ላይ አስፍሩ፦

- የመተግበሪያውን ስምና የቅጂ ቁጥር
- የስልኩን ሞዴል (ለሁሉም ጣቢያ አንድ ዓይነት ስልክ ብትገዙ ይመረጣል)
- “አዎ” እና “አይደለም” የሚለይበትን የነጥብ ወሰን
- ፎቶው ስልኩ ላይ እንደሚተነተን ወይስ ወደ ውጭ ሰርቨር እንደሚሄድ

የነጥብ ወሰኑን ውጤት አይታችሁ አትቀይሩት። አስቀድሞ ይወሰናል፤ አለቀ።

አቅራቢውን “በምን ዓይነት ቆዳ ላይ ሠለጠነ?” ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ጥያቄው የክብር ሳይሆን የሕይወት ነው። በ2022 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 656 ፎቶዎችን የያዘ፣ ጥቁርና ነጭ ቆዳን ያካተተ መፈተኛ አዘጋጅተው የታወቁ መሣሪያዎችን ሲሞክሩ በጥቁር ቆዳ ላይ ብቃታቸው ወረደ። በነጭ ቆዳ ላይ ቀይ የሚመስለው ብግነት በእኛ ቆዳ ላይ ወይን ጠጅ፣ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ይታያል። ቀዩን ብቻ የተማረ መሣሪያ ይህን ያልፈዋል።

እንዲህ ቢሆንስ? መሣሪያው መሀል ላይ ራሱን ካደሰ ምዝገባውን አቁሙ። ቀኑን ጻፉ። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን ለየብቻ ተንትኑ። ይህ እንዳይመጣ በየስልኩ ላይ አውቶማቲክ አፕዴትን ከመጀመሪያው ዝጉት። ሳይናገር የሚቀያየር የኢንተርኔት ቻት መሣሪያ ከሆነ፣ ቅጂውን ማስቆም ካልቻላችሁ ለሙከራ አትጠቀሙበት።

3. ማመሳከሪያውን አዘጋጁ

ሥራው የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። “ሲኒየሩ አይቶ ቁንጭር ነው ብሏል” ብቻውን ማመሳከሪያ አይሆንም።

ለቁንጭር ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦

ሀ. ከቁስሉ ጠርዝ፣ ንቁ ከሆነው ክፍል፣ በምላጭ ተጭሮ ናሙና ይወሰዳል። ከመሀሉ የወሰደ ሰው የሚያገኘው መግልና የሞተ ሥጋ ነው።

ለ. ስላይዱ ጊምሳ በሚባለው የላብራቶሪ ማቅለሚያ ይቀለማል። የላብራቶሪ ባለሙያው የኤአይን መልስም የሐኪሙን ግምትም አያውቅም።

ሐ. ጥገኛ ተሕዋሲው ከታየ ቁንጭር ነው። ካልታየ “ነጻ ነው” ተብሎ አይጻፍም። በእኛ አገር ቁንጭር የሚያመጣው ሌሽማኒያ ኤቲዮፒካ በስላይድ ላይ ጥቂት ሆኖ ሊያመልጥ ይችላል።

መ. ስላይዱ አሉታዊ ሲሆን ሁለት ቆዳ ሐኪሞች ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይወስኑ። ካልተስማሙ ሦስተኛ ሐኪም ይፍረድ። ባዮፕሲ (የሥጋ ቁራጭ ምርመራ) ወይም ፒሲአር (የተሕዋሲውን ዘረ መል የሚፈልግ ምርመራ) ከቻላችሁ እዚህ ላይ ተጠቀሙበት።

ሠ. የሁለቱ ሐኪሞች ስምምነት በካፓ ይለካል፤ ካፓ በአጋጣሚ ከሚመጣው በላይ ምን ያህል እንደተስማሙ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ካፓው ዝቅ ካለ መሣሪያውን ከመውቀሳችሁ በፊት ሐኪሞቹ በሽታውን የሚለዩበትን መስፈርት አብረው ይነጋገሩበት።

አንድ ወጥመድ አለ። ገንዘብ ለመቆጠብ ኤአይ “አዎ” ያላቸውን ብቻ ወደ ላብራቶሪ መላክ። እንዲህ ካደረጋችሁ ኤአይ የሳታቸውን በሽተኞች በፍጹም አታገኟቸውም፤ መሣሪያውም በሐሰት ጎበዝ ይመስላል። ምርመራው ለሁሉም እኩል ይሠራ።

እንዲህ ቢሆንስ? ጊምሳ ካለቀ ምዝገባውን ያዙት፤ “ለአሁኑ በዓይን እንለፍ” አይባልም። ሁለተኛ ቆዳ ሐኪም ካጣችሁ ፎቶውንና ታሪኩን ሌላ ከተማ ላለ ሐኪም ላኩ። እሱም ኤአይ ያለውን አይስማ።

4. የሰው ብዛት አስሉ

ከታመሙት መካከል መሣሪያው የሚይዛቸው፣ ሴንሲቲቪቲ የሚባለው፣ 85 በመቶ ይሆናል ብላችሁ ገመታችሁ እንበል። ስሕተቱ ከ7 በመቶ ወዲህና ወዲያ እንዳያልፍ ትፈልጋላችሁ። ስሌቱ (1.96 የ95 በመቶ እርግጠኝነት ቁጥር ነው)፦

1.96 × 1.96 × 0.85 × 0.15 ÷ (0.07 × 0.07) = 100

ይህ 100 የታመመ ሰው ነው፤ ጠቅላላ ሰው አይደለም። ከሚመጡት አምስቱ አንዱ ብቻ ቁንጭር ከያዘው 500 ሰው ያስፈልጋል። አሥር በመቶው ፎቶ ቢበላሽ ወይም ሰው ቢቀር 556 ይሆናል።

የጊዜ ሰሌዳውንም ከኑሮው ጋር አስታርቁት። በክረምት መንገዱ ይከብዳል፤ በአጨዳ ወራት ገበሬው ለቆየ ቁስል ብሎ ሥራ ፈትቶ አይመጣም። ከዘጌና ከደሴቶቹ የሚመጡ ሰዎች ጀልባ ይጠብቃሉ፤ ጠዋት ቅጠሯቸው፣ ቶሎ ይሸኙ።

5. ፈቃዱን በቅደም ተከተል ጨርሱ

ፕሮቶኮሉን በስፒሪት ኤአይ ዝርዝር መሠረት ጻፉ፤ የኤአይ ሙከራ ዕቅድ ምን ምን መያዝ እንዳለበት የሚዘረዝር ዓለም አቀፍ መመሪያ ነው። ውጤቱን የምትጽፉበት እኅቱ ኮንሶርት ኤአይ ይባላል። ሁለቱም በ2020 የወጡ ናቸው፤ ገምጋሚዎች ይጠይቋችኋል።

ከዚያ፦

1. የተቋማችሁ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ያጽድቅ።
2. ከክልሉ ጤና ቢሮ ወይም ከሚመለከተው የጤና ተቋም የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ።
3. የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን መሣሪያው እንደ ሕክምና መሣሪያ ይቆጠር እንደሆነ በደብዳቤ ጠይቁ። መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።
4. ሙከራውን በፓን አፍሪካ የክሊኒካዊ ሙከራ መዝገብ አስመዝግቡ። ክፍያ የለውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ምዝገባው የመጀመሪያው ሰው ከመግባቱ በፊት ይሁን። ከገባ በኋላ ከሆነ ብዙ የሕክምና መጽሔቶች ጽሑፋችሁን አይቀበሉም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚስተካከልም አይደለም።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ንም አንብቡት። የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ዳታ ነው። ፎቶው ከአገር ውጭ ወዳለ ሰርቨር የሚሄድ ከሆነ ይህን ለኮሚቴው ፊት ለፊት ንገሩት። ደብቆ መሄድ ኋላ ላይ ሥራውን በሙሉ ያስጥላል።

6. ስምምነቱን በሚገባ ቋንቋ ውሰዱ

ቅጹን ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል አትገልብጡት። እንዲህ በሉ፦

“እናቴ፣ ይህ ስልክ ፎቶውን አይቶ ግምት የሚሰጥ ፕሮግራም አለው። ሐኪም አይደለም። የሚታከሙት ሐኪሙ ባለው ነው። ፕሮግራሙ ያለውን ሐኪሙም አያየውም። አልፈልግም ቢሉ ሕክምናዎ አይጓደልም።”

ከዚያ መልሰው በራሳቸው አባባል እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። “ማሽኑ ሊያድነኝ ነው” ካሉ እንደገና አስረዱ። ማንበብ ለማይችል ሰው ከቡድናችሁ ውጭ የሆነ ምስክር ይቁም፤ ጣት ይታተም። ለልጅ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ይያዝ፤ ነፍስ ያወቀ ልጅ ከሆነ ራሱም ይጠየቅ።

ለፎቶው የተለየ ፊርማ ውሰዱ፦ ለዚህ ጥናት ብቻ፣ ለወደፊት ጥናት፣ ለኅትመት። ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ፊት ላይ ያለ ቁስል ከሆነ ዓይንን መሸፈን ማንነትን እንደማይደብቅ ንገሯቸው። የአንገት መስቀልና ንቅሳት ሰውን ያሳውቃሉና ሲቻል ከፎቶው ውጭ ይሁኑ።

7. ፎቶውን በአንድ ሥርዓት አንሡ

ነርሶቹን ግማሽ ቀን አሠልጥኑ። እርስ በርሳቸው እየተነሱ ይለማመዱ። ከዚያ ሥርዓቱን ግድግዳ ላይ ለጥፉ፦

1. የስልኩን ማስዋቢያ ዝጉ። “ቢዩቲ” የሚለው ቆዳውን ያለሰልሳል፤ የቁስሉን ጠርዝም አብሮ ያጠፋዋል።
2. ታካሚውን ከመስኮት አጠገብ አስቀምጡ። የባሕር ዳር የቀትር ፀሐይ በቀጥታ እንዳያርፍበት።
3. ፍላሽ አትጠቀሙ። በጥቁርና በወዛም ቆዳ ላይ ነጭ ነጸብራቅ ይፈጥራል።
4. ሦስት ፎቶ አንሡ፦ ከራቅ ያለ ቦታ፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር፣ እና ከጎን።
5. ባለ ሚሊ ሜትር ማስመሪያና የቀለም ካርድ በሁሉም ሰው ፎቶ ላይ ይኑር። ወይ በሁሉም፣ ወይ በማንም።
6. ወዲያው አጉልታችሁ እዩ። የቁስሉ ጠርዝ ከደበዘዘ ሰውየው ሳይነሳ ድገሙ።

አምስተኛዋ ነጥብ ትንሽ ትመስላለች። መሣሪያዎች አቋራጭ ይማራሉ። በጀርመን በተሠራ ጥናት ቆዳ ላይ የተሣለ የቀዶ ሕክምና ምልክት መሣሪያው ጤነኛ ነጥብን ካንሰር ብሎ እንዲጠረጥር አድርጎታል። የእኛ ምልክት ጂቪ፣ ማለትም ቁስል ላይ የሚቀባው ሐምራዊ መድኃኒት ነው። ጤና ጣቢያ የደረሰ ቁስል ብዙ ጊዜ ሐምራዊ ቀለም ተቀብቶ ይገኛል። መሣሪያው ቁስሉን ትቶ ቀለሙን ሊያነብ ይችላል። ቅጹ ላይ “ጂቪ ተቀብቷል ወይ?” የሚል ሳጥን ጨምሩ፤ ሲተነተን ለብቻው ይታያል።

ቅቤ፣ ቅጠል ወይም ከጸበል የመጣ እምነት ቁስሉ ላይ ካለ ሳታስፈቅዱ አትጥረጉ። ሰውየው ያከበረው ነገር ነው። በትሕትና ጠይቁ። እሺ ካሉ በንጹሕ ውኃ አርጥባችሁ አንሡት። እምቢ ካሉ እንዳለ ፎቶውን አንሡና መዝግቡ።

የቆዳ ቀለምንም መዝግቡ። ፀሐይ ያጠቆረውን ፊት ትታችሁ የክንድን የውስጥ ክፍል ተመልከቱ። ፊትዝፓትሪክ የሚባለው ስድስት ደረጃ ጥቁር ቆዳን በደንብ አይለይም፤ አሥር ደረጃ ያለው የሞንክ መለኪያ ለእኛ ይሻላል።

ፎቶ ሲላክ በቴሌግራም “ፎቶ” ብላችሁ አትላኩ፤ ይጨመቃል። ይልቁንም የተመሰጠረ ማስቀመጫ ላይ በቀጥታ ጫኑት። በስልኩ ላይ የጉግል ፎቶ ምትኬና የቦታ ምዝገባ ዝግ መሆናቸውን በየሳምንቱ ፈትሹ።

8. የዕለቱን ቅደም ተከተል ጠብቁ

በዝምታው ምዕራፍ አንድ ታካሚ በዚህ መንገድ ያልፋል፦

1. ከካርድ ክፍል ሲመጣ መስፈርቱን ያሟላ እንደሆነ ይታያል። ያሟሉት ሁሉ በተከታታይ ይጠየቁ። “ይቺ ደስ የምትል ኬዝ ናት” ብሎ መምረጥ ክልክል ነው።
2. ስምምነት፣ ከዚያ የመለያ ቁጥር። ስም ፎቶው ላይ አይገባም።
3. ነርሷ ፎቶውን ታነሳለች።
4. ሐኪሙ ይመረምራል፤ ግምቱን ይጽፋል፤ ቅጹን ይዘጋል።
5. ናሙናው ይወሰዳል።
6. ማታ ላይ ሌላ ሰው ፎቶውን በመሣሪያው ያሳልፋል። መልሱ በሐኪሙ ስክሪን ላይ አይመጣም።
7. ሕክምናው በሐኪሙና በላብራቶሪው ውሳኔ ይቀጥላል።

ማስጠንቀቂያ፦ በእግር መርገጫ ወይም በጥፍር ሥር ያለ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነጥብ፣ ትኩሳት ያለው የተሠራጨ ሽፍታ፣ ወይም የደነዘዘ ቆዳ ያለው ሰው ሙከራውን አይጠብቅም። በዚያው ቀን ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍለት።

እንዲህ ቢሆንስ? መብራት ከጠፋ ፎቶው ስልኩ ላይ ይቆያል፤ ፓወር ባንክ ይኑራችሁ። ሐኪሙ በአጋጣሚ የኤአይን መልስ ካየ ያ ታካሚ ከዳታው አይሰረዝም። “ታይቷል” ተብሎ ይጻፋል፤ ትንተናው እሱን ይዞም እሱን ትቶም ይሠራል።

9. ቀኑንና ሰዓቱን አስታርቁ

ስልኩ ፎቶውን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025፣ 14:30 ብሎ ይመዘግባል። ነርሷ ቅጹ ላይ መስከረም 1 ቀን 2018፣ 8:30 ትላለች። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ግን በዳታው ውስጥ ሲደባለቁ ታካሚው ሳይመጣ የታከመ ይመስላል። ሰዎች በለመዱት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሙሉ፤ ለውጡን ቅጹ ራሱ ይሥራው። ኮቦ ቱልቦክስ ወይም ኦዲኬ የሚባሉት በስልክ ቅጽ የሚሞላባቸው ፕሮግራሞች ያለ ኢንተርኔትም ይሠራሉ። በየሳምንቱ ዓርብ አሥር ቅጾችን ከፎቶዎቻቸው ጋር አመሳክሩ።

10. ትንተናው ላይ አትታለሉ

የምትቆጥሩት ሰውን እንጂ ፎቶን አይደለም። የአንድ ሰው ሦስት ፎቶ ሦስት ታካሚ አይሆንም።

መሣሪያው “ፎቶው አይነበብም” ያለውን አትጣሉ። በጤና ጣቢያ ያ ሰው መልስ ሳያገኝ ቀርቷል ማለት ነው። ቁጥሩ በሪፖርቱ ይውጣ።

ከሁሉ በላይ፣ ከሪፈራል ሆስፒታል የተገኘውን ውጤት ለጤና ጣቢያ አታውሱ። መሣሪያው ከታመሙት 85 በመቶ ይይዛል፣ ከጤነኞቹም 85 በመቶውን በትክክል ይለያል እንበል። ከ1000 ሰው 200 በታመሙበት ቦታ 290 ሰው “አዎ” ይባላል፤ 170ዎቹ በእርግጥ ታመዋል። ከ1000 ሰው 20 ብቻ በታመሙበት ቦታ ግን 164 ሰው “አዎ” ይባላል፤ የታመሙት 17 ናቸው። መሣሪያው ያው ነው። በሁለተኛው ቦታ ግን “አዎ” ከተባሉት አሥር ሰዎች ዘጠኙ ያለ በሽታው ይመላለሳል፤ የትራንስፖርት ገንዘቡንም ያወጣል።

11. አሁን ወደ ሙከራው

የዝምታው ውጤት አስቀድማችሁ የጻፋችሁትን ወሰን ካለፈ ብቻ ግቡ። ካላለፈ አቁሙና ያንኑ ጽፋችሁ አውጡ።

በመሣሪያው ማን እንደሚሠራና ማን እንደማይሠራ የሚለየው ዕጣ በታካሚ ሳይሆን በጤና ጣቢያ ይውጣ። ጠዋት በመሣሪያው የሠራች ነርስ ከሰዓት የተማረችውን ልትረሳ አትችልም። ይህ ግን ተጨማሪ ሰው ይጠይቃል። በየጣቢያው 20 ሰው ቢኖርና በአንድ ጣቢያ ሰዎች መካከል ያለው መመሳሰል 0.05 ቢሆን፣ 1 + (19 × 0.05) = 1.95። የሰው ብዛቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በሦስት ጤና ጣቢያ ብቻ እንዲህ ያለ ሙከራ አትጀምሩ።

የምትለኩት ነገርም ይቀየራል። ከዚህ በኋላ ትክክለኛነት ብቻ አይበቃም። ሰውየው ከመጀመሪያ ጉብኝቱ እስከ ትክክለኛ ሕክምናው ስንት ቀን ፈጀ? ስንት ሰው ያለ አግባብ ሪፈር ተባለ? ነርሷ መሣሪያውን ከማየቷ በፊትና ካየች በኋላ ያለችውን ለየብቻ አስጽፉ። ትክክል ብላ ከዚያ መሣሪያው ያሳታት ቦታ እዚያ ይታያል፤ ስንት ጊዜ እንደሆነም በሪፖርቱ ይግባ።

ከቡድኑ ውጭ የሆነ ሰው በየወሩ ያመለጡ ከባድ በሽታዎችን ይቁጠር። ስንት ሲሆን ሙከራው እንደሚቆም ቁጥሩ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ይጻፍ። ሲደርስ ለመነጋገር ሳይሆን ለማቆም ነው።

12. አዲስ ቅጂ ሲመጣ

አቅራቢው “አሻሽለነዋል” ሲል የድሮው ውጤታችሁ ለአዲሱ ቅጂ አይሠራም። ለወደፊት ጥናት ፈቃድ የሰጡ ሰዎችን ፎቶዎች ከነማመሳከሪያቸው ቆልፋችሁ አስቀምጡ። አዲሱን ቅጂ መጀመሪያ በእነሱ ላይ አሳልፉት። ፎቶዎቹን ለአቅራቢው አትስጡ፤ ከሰጣችሁ ይማርባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ለመፈተኛ አይሆኑም። በዚህ ፈተና ከወደቀ ወደ ጤና ጣቢያ አይሄድም። ካለፈ ከምዕራፍ 8 እንደገና ጀምሩ፤ የሰው ብዛቱን ግን በአዲሱ ግምት እንደገና አስሉት።